ርካሽ የማይክ ስታንድ አመራረጥ፦ ገንዘባችሁን ክብደቱና ማጥበቂያው ላይ አውሉት

ሐዋሳ ውስጥ ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚቀርጹ ሰዎች በዝተዋል። መዝሙር የሚቀርጽ አለ፣ መንዙማ የሚቀርጽ አለ። ዩቲዩብ ላይ ታሪክ የሚተርክ፣ በኦንላይን የሚያስተምር፣ ክራሩን ይዞ ቲክቶክ ላይ ላይቭ የሚገባም አለ። ማይኩን ለመግዛት ሁሉም ሳምንት ሙሉ ይጠይቃል። ስታንዱ ላይ ሲደርስ ግን «ያው መያዣ ነው» ይልና የቀረበለትን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ቀረጻ መሃል ማይኩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወይም መጽሐፍ ተደራርቦ ላዩ ላይ ይቆማል።

የስታንድ ሥራ ማይኩን መሸከም ብቻ አይደለም። ማይኩን አፋችሁ ጋ አምጥቶ እዚያው ማቆየት ነው። ከአፋችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የነበረ ማይክ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ፣ ማይኩ ጋ የሚደርሰው ድምፃችሁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። ያንን ለማካካስ ጌይን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ ማጉያ፣ ስትጨምሩ ደግሞ የባጃጁ ጩኸት፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንና ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ አብረው ይጨምራሉ። ብዙ ሰው «ማይኬ ጥሩ አይደለም» የሚለው እውነቱን ለመናገር ስታንዱ ከአፉ ስላራቀው ነው።

ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም። ስታንድ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። ከዋጋው ይልቅ ዕቃውን ማየት የምትችሉበትን መንገድ ልስጣችሁ።

1. ከቤት ሳትወጡ ማይኩን መዝኑ

የሰፈር ሱቅ ሚዛን ይበቃል። ማይኩን ከነክሊፑ (ስታንዱ ላይ ከሚይዘው መያዣ ጋር) እና ከነገመዱ ጫፍ አስቀምጡት። ለመነሻ ያህል፣ በየአዳራሹ የምናየው ሹር ኤስኤም58 ወደ 300 ግራም ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 345 ግራም ነው። ብሉ የቲ ያለ እግሩ 550 ግራም ይሆናል። ፖድካስት የሚሠሩ ሰዎች የሚመኙት ሹር ኤስኤም7ቢ ደግሞ 765 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ400 ግራም በታች ከሆናችሁ አብዛኛው ርካሽ ስታንድ ይሸከምላችኋል። ከ500 ግራም በላይ ከሆነ ግን በጥንቃቄ ምረጡ።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ርዝመትም አለበት። ውሃ የተሞላ ባልዲ ደረታችሁ ጋ አስጠግታችሁ መያዝና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ መያዝ አንድ አይደለም። ስታንዱም እንደዚያው ነው። ክንዱ፣ ማለትም ከቱቦው ወደ ጎን የሚወጣው ዘንግ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ የሚችለውን ማይክ 60 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ የእጥፍ ያህል ይከብደዋል። ሳጥኑ ላይ «1 ኪሎ ይሸከማል» ቢል እንኳ፣ ያ ክንዱ ምን ያህል ወጥቶ እንደሆነ አይነግራችሁም።

2. ጥርሱን እወቁ

ማይክ ክሊፑ ስታንዱ ላይ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ሦስት ዓይነት ነው። ወፍራሙ አምስት ስምንተኛ ኢንች ነው፤ ውፍረቱ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀጭኑ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ ወደ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከሁሉ የቀጠነው አንድ አራተኛ ኢንች ሲሆን ካሜራና የስልክ ትራይፖድ ላይ ያለው እሱ ነው።

ክሊፓችሁን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ነሐስ የሚመስል ቀለበት አለ፤ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ይኖረዋል። ያ አስማሚ ነው። ሳንቲም ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ወደ ግራ ስታዞሩት ይወጣል። ቀለበቱ ሲኖር ክሊፑ ለሦስት ስምንተኛ ይሆናል፤ ሲወጣ ለአምስት ስምንተኛ ይሆናል። «አልገባም አለኝ» ተብሎ የሚመለሰው ስታንድ ብዙው ችግሩ ይኸው ቀለበት ብቻ ነው። ያወጣችሁትን ቀለበት አትጣሉት፤ በቴፕ ስታንዱ ላይ ለጥፉት፤ አንድ ቀን ይፈለጋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አምስት ስምንተኛ የማይክ ጥርስ በጣም ደቃቅ ነው፤ በአንድ ኢንች 27 ጥርስ አለው። የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው ተራው አምስት ስምንተኛ ቡሎን ደግሞ በኢንች 11 ጥርስ ብቻ ነው። ውፍረታቸው አንድ ስለሆነ የሚገባ ይመስላል፤ አይገባም። በግድ ከጠመዘዛችሁት የክሊፑ ጥርስ ይበላል። ሦስት ስምንተኛው ግን ከተለመደው ቡሎን ጋር ይስማማል፤ ሁለቱም በኢንች 16 ጥርስ ናቸው። ይህ ወደ በኋላ ብየዳ ቤት ስንሄድ ይጠቅመናል።

3. የምትቀመጡበትን ቦታ ለኩ

ሜትር ያዙ። በምትቀርጹበት ወንበር ላይ ቁጭ በሉና ሌላ ሰው ከወለል እስከ አፋችሁ ይለካላችሁ። ለአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቆማችሁ የምትዘምሩ ከሆነ ቆማችሁ ተለኩ። ክራር ወይም ጊታር የምትቀርጹ ከሆነ መሣሪያው ያለበትን ከፍታ ጨምራችሁ ያዙ፤ ለዚያ ማይኩ ከጉልበታችሁ ትንሽ ከፍ ብሎ በአግድም መምጣት አለበት።

ከዚያ ወለሉን እዩ። ባለ ሦስት እግር ስታንድ ሲዘረጋ ወደ 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይፈልጋል። ሰርቪስ ቤት ውስጥ አልጋና ጠረጴዛ ተጠጋግተው ባሉበት ይህ ቀላል ቦታ አይደለም። ልጆች የሚሯሯጡበት ቤት ከሆነ ደግሞ እግሩ ያደናቅፋል።

ጠረጴዛችሁ ምንድን ነው? ቺፕውድ ከሆነ፣ መስታወት ከሆነ፣ ወይም ሲጽፉበት የሚወዛወዝ ከሆነ አሁኑኑ ጻፉት፤ ቀጥሎ ያለውን ምርጫ እሱ ነው የሚወስነው።

4. ዓይነቱን ምረጡ

ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ስታንድ እንዲሆን የምመክረው ባለ ሦስት እግር፣ ክንድ ያለው የወለል ስታንድ ነው። ቁጭ ብላችሁም ቆማችሁም ይሠራል። ለሰውም ለክራርም ይሆናል። ከጠረጴዛ ጋር ስላልተያያዘ ኪቦርድ ስትነኩ ወይም ብርጭቆ ስታስቀምጡ ንዝረቱ ወደ ማይኩ አይሄድም። ቤት ስትቀይሩ ጠረጴዛ ኖረ አልኖረ አያስጨንቃችሁም። ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክብ ብረት መሠረት ያለው ቀጥ ያለ ስታንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሁሉ ይሻላል፤ ቦታው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቆሞ ለሚዘምር ወይም ለሚያነብ ሰው ተመራጭ ነው። ክንድ ከተጨመረበት ግን መሠረቱ ከባድ መሆን አለበት።

ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ የሚታሰረው ተጣጣፊ ክንድ ቪዲዮ ላይ ያምራል፤ ወጣቱ ሁሉ የሚፈልገውም እሱን ነው። ቢኤም-800 ከሚባለው ማይክ ጋር ተጠቅልሎ የሚሸጠው ኤንቢ-35 የዚህ ዓይነት ነው። ሞላዎቹ ውጭ ላይ ናቸው፤ ሲነኩ ይዘምራሉ፣ ያም ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ሞላው ለአንድ የክብደት መጠን የተሠራ ስለሆነ ማይኩ ከከበደ ይወርዳል፣ በጣም ከቀለለ ወደ ላይ ይሸሻል። ጠንካራ ጣውላ ጠረጴዛ ካላችሁና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግዙት። ቺፕውድ ላይ ከሆነ ሞርሳው ጠርዙን ይጨፈልቀዋል፤ ከላይም ከታችም ጠፍጣፋ ጣውላ አስገብታችሁ እሰሩት። መስታወት ላይ በፍጹም አትሰሩት።

ትንሿን የጠረጴዛ ስታንድ በተመለከተ አጭር ነኝ። ቁመቷ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አፋችሁ ደግሞ ከጠረጴዛው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ማይኩ ከሩቅ አንጋጦ ያያችኋል። ለስብሰባ ትሆናለች፤ ለቀረጻ ግን እሷን ከመግዛት ገንዘቡን ማጠራቀም ይሻላል።

ቤታችሁ የሪንግ ላይት ስታንድ ካለ ግን እሱን ከመናቃችሁ በፊት ተመልከቱት። ብዙ ጊዜ ጫፉ አንድ አራተኛ ጥርስ ነው። ከአንድ አራተኛ ወደ ሦስት ስምንተኛ ወይም ወደ አምስት ስምንተኛ የሚቀይር አስማሚ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ቀላል ማይክ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ይበቃል። ክንድ አትጨምሩበት፤ እግሩ ቀላል ስለሆነ ይገለበጣል።

5. ሱቅ ውስጥ ሞክሩት

ፒያሳም ሂዱ መናኸሪያ አካባቢ፣ ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የማይካችሁን ክሊፕና ግማሽ ሊትር ውሃ። ጠርሙሱ ከነውሃው ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ያለ ማይክ መሞከሪያ ይሆናችኋል። በፌስታል ወይም በገመድ አንጠልጥሉት።

ባለ ሱቁን በአክብሮት ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ ካርቶኑን አውጥተን ዘርግተን እንየው፤ ከሆነኝ እወስደዋለሁ።» ዕቃውን የሚያውቅ ነጋዴ አይከለክልም። «ታሽጓል፣ ቤት ሄደህ ሞክረው» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ርካሽ ስታንድ ከአንድ ካርቶን ሁለቱ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ እናንተ የምትገዙት ያንን የያዛችሁትን ነው።

መጀመሪያ ቱቦውን እስከ መጨረሻ አውጡና አጥብቁት። በመዳፋችሁ ከላይ ወደ ታች ጫን በሉት። መስመጥ የለበትም። ከሰመጠ ማጥበቂያው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ቀጭን ነው ማለት ነው፤ ከወር በኋላ ደግሞ ይብሳል።

ቀጥሎ ክንዱን በአግድም አድርጋችሁ ጫፉ ላይ ጠርሙሱን አንጠልጥሉ። ማጥበቂያውን በእጃችሁ አቅም ብቻ አጥብቁት፤ ሁለት እጅ ከጠየቀ መጥፎ ምልክት ነው። የክንዱን ጫፍ ከኋላው ካለ መደርደሪያ ጋር አነጻጽራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከባለ ሱቁ ጋር ስለ ዋጋ እየተነጋገራችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ ከዚያው ቦታ ሌላ ፎቶ አንሱ። ጣት ያህል ከወረደ ይህ ስታንድ ቀረጻ መሃል ይጥላችኋል። ዓይን በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ለውጥን ይለምደዋል፤ ፎቶው ግን አይሸነግልም።

ክንዱ የሚታሰርበትን መጋጠሚያ ፍቱና ውስጡን እዩ። ሁለት ብረት ፊት ለፊት ተጋጥመው መሃላቸው የጎማ ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ዝርግ ካለ ጥሩ ነው። ራቁቱን ብረት ለብረት ከሆነ ይንሸራተታል። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ቶሎ ይበላል።

ሦስቱ እግሮች የሚገናኙበትን ማዕከል ገልብጡት። ስታንዱ መጀመሪያ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ብረት ከሆነ ለዓመታት ያገለግላል። ፕላስቲክ ከሆነ፣ ምስማሩ ዙሪያ ነጭ ጭረት መኖሩን እዩ፤ ነጭ ጭረት መሰንጠቅ የጀመረ ፕላስቲክ ምልክት ነው።

ስታንዱን በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት። የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ማይኩም ይሰማዋል። በመጨረሻ ክሊፑን በጣታችሁ ብቻ አዙራችሁ አስገቡት። አራት አምስት ዙር ሳይታገል መግባት አለበት። ከመጀመሪያው ዙር ከታገለ ጥርሱ ጠማማ ነው፤ ሌላ ይምጣላችሁ።

ክብደቱንም በእጃችሁ አንሱት። ክንድ ያለው ባለ ሦስት እግር ስታንድ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ሲሆን ይታመናል። ሻጩ «ቀላል ነው፣ ለመያዝ ይመቻል» ብሎ ሲያሞግስላችሁ፣ ለቤት ሥራ ያ ሙገሳ አይደለም። አብሮ የሚመጣ ስፖንጅ፣ የማይክ ማጣሪያና የስልክ መያዣ ዋጋውን ያስውበዋል እንጂ ስታንዱን አያጠነክረውም። ሁለት ስታንድ በዋጋ ከተቀራረቡ ዕቃ የበዛበትን ሳይሆን የከበደውን ውሰዱ።

ያገለገለ መግዛትም አትፍሩ። ለሠርግና ለአዳራሽ ሳውንድ ሲስተም የሚያከራዩ ሰዎች ጋ የቆየ የብረት ስታንድ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ቀለሙ የተላጠ ቢሆንም ብረቱ የደህና ዘመን ነው። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የጀርመኑ ኮኒግ እና ማየር ዕቃ ካጋጠማችሁ፣ ማጥበቂያው ጤነኛ ከሆነ ሳትከራከሩ ውሰዱት። ከላይ ያለውን ሙከራ ግን አንዱንም አትዝለሉ። በቴሌግራም ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የክንዱን መጋጠሚያና የእግሩን ማዕከል በቪዲዮ አሳዩኝ በሉ። 275 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣን ዕቃ መልሶ መላክ ራሱ ወጪ ነው።

6. ቤት ስታቆሙት

ሦስቱንም እግሮች እስከ መጨረሻ ዘርጉ። ከሦስቱ አንዱ እግር በትክክል በክንዱ አቅጣጫ ከማይኩ በታች ይሁን። ክንዱ በሁለት እግሮች መሃል ካለፈ ስታንዱ በዚያ በኩል ይወድቃል። የወደቁት ማይኮች ብዙዎቹ የወደቁት እንደዚህ ነው።

የክንዱ ማጥበቂያ ወደ እናንተ እንዲዞር አድርጋችሁ ቁሙ፤ ማይኩ ያለበት ጫፍ በቀኛችሁ ይሁን። እንደዚያ ሲሆን የማይኩ ክብደት ክንዱን ሲጎትተው ማጥበቂያው ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጎትተዋል። በግራ ከሆነ ወደሚፈታበት ይጎትተዋል። ይህን ብቻ በማስተካከል የዳነ ስታንድ ብዙ ነው።

ክንዱን እስከ መጨረሻ አታውጡት። የምትችሉትን ያህል አሳጥሩትና ስታንዱን ወደ እናንተ አስጠጉ። ማይኩ ከከበደ ከክንዱ በስተኋላ ባለው ጫፍ ላይ አሸዋ የሞላ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ እሰሩ፤ ወደ 800 ግራም ይሆናል። እግሩ ላይ ደግሞ ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ አስቀምጡ። ሁለት ኪሎ ክብደት በነጻ ጨመራችሁ ማለት ነው።

ገመዱን በጨርቅ ቁራጭ ከቱቦው ጋር ሁለት ቦታ እሰሩት። ማይኩ ጋ ትንሽ ላላ ያለ ቀለበት ተዉለት። ታች ላይ አንዱን እግር አንድ ዙር ያጠንጥን፤ ሰው ገመዱን ቢረግጥ የሚጎተተው የስታንዱ እግር እንጂ ማይኩ አይሆንም።

ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ከሆነ ከእያንዳንዱ እግር ሥር የታጠፈ ጨርቅ ወይም የባጃጅ ውስጠኛ ጎማ ቁራጭ አድርጉ። የእግር ኮቴ ንዝረት በዚያ ይቀንሳል። ቬንትሌተሩ ወደ ማይኩ እንዳይነፍስ አዙሩት። ማይኩን ከአፋችሁ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ አቁሙት፤ «ጰ» እና «ፐ» ስትሉ ትንፋሹ በጎኑ ያልፋል።

ከፍ ወይም ዝቅ ስታደርጉት መጀመሪያ አላሉት። ጠብቆ ሳለ በግድ የሚጎትቱት ሰዎች ናቸው ማጥበቂያውን የሚበሉት።

7. በጀቱ ካልበቃ፦ ብየዳ ቤት

ይህ ከሁሉ የምወደው መንገድ ነው፤ ለክብ መሠረት ስታንድ ከብዙ የገበያ ዕቃ የተሻለ ይወጣል። ለብየዳ ባለሙያው እንዲህ በሉት። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ብረት ይቆረጥ፤ ክብደቱ 4.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቁርጥራጭ ብረት ካለው አራት ማዕዘንም ያገለግላል። መሃሉ ላይ ክብ ቱቦ ቀጥ ብሎ ይበየድ። ቁመቱ በደረጃ 3 የለካችሁት ይሁን፤ ክሊፑና ማይኩ የሚጨምሩትን ግን ቀንሱ።

ጫፉ ላይ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ሦስት ስምንተኛ ቡሎን ይበየድ፤ ጥርሱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። «ሚሊ ሜትር 10 አለኝ» ካላችሁ አይሆንም፤ ይቀራረባል እንጂ ጥርሱ ሌላ ነው። ስትሄዱ ክሊፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቡሎኑ ከመበየዱ በፊት በእጅ ገብቶ ይሞከር። ሲበየድ ክሊፑን አውጡት፤ ጥርሱንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ የብየዳው ፍንጣሪ ከተቀመጠበት ክሊፑ አይገባም።

እንዲህ የተሠራው ከፍና ዝቅ አይልም። አንድ ሰው በአንድ ወንበር ለሚቀርጽበት ቤት ያ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም የሚላላ ነገር ስለሌለው አይንሸራተትም። ከፍታው እንዲቀየር ከፈለጋችሁ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እንዲገባ አስደርጉ፤ የውጭኛው ጎን ላይ ዳዶ አስበይዱበትና በቡሎን ይጥበቅ። የብረቱን ጠርዝ በግራይንደር አስፈግፍጉት፣ ቀለም አስቀቡት፤ ሲደርቅ ከሥሩ ጎማ በማስቲሽ ለጥፉበት።